ገመዱ በየት ይምጣ

«ገመዱን በየት በኩል ላምጣልሽ?» አለኝ አልዊን።

ከጀልባዋ ማዶ ተንበርክኮ፣ እርሳሱን ይዞ ነው የጠየቀኝ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ መልስ የሚለምን ነገር። ሌላ ሴት ብትሆን ዓይኑን አይታ ነገሩን እዚያው ትጨርሰው ነበር። እኔ ኔሪዳ ግን ምን እንዳየሁ ታውቃላችሁ? እርሳሱ የት ላይ ምልክት እንዳደረገ ነው ያየሁት።

ምልክቱ የመሃሉ መቀመጫ ሳንቃ ላይ ነበር። ልቤ ስንጥቅ አለ።

የሸራ ጀልባ የማታውቁ፣ ይሄ ምኑ ልብ ይሰነጥቃል ትሉ ይሆናል። ዋናውን ሸራ የሚስብና የሚለቅ አንድ ገመድ አለ፤ መሪውን የያዘው ሰው ቀኑን ሙሉ እሱን ጨብጦ ነው የሚውለው። እንደኛዋ ኤልሲ ባሉ አሮጌ የእንጨት ጀልባዎች ላይ ገመዱ የሚመጣው ከኋላ፣ ከጀልባዋ ጭራ ነው። በአዳዲሶቹ ላይ ግን ከመሃል ይመጣል፤ እዚያው ገመዱን ነክሶ የሚይዝ ባለጥርስ ብረት ይደረግለታል። ገመዱ ከተነከሰ እጅ ነፃ ይሆናል፤ እጅ ነፃ ከሆነ ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም። ስለዚህ በእኛ ወሽመጥ አንድ ሰው የአሮጌ ጀልባውን ገመድ ከኋላ ወደ መሃል ሲያዛውር ከታየ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም። ብቻውን ሊወጣ ነው ማለት ነው። ጓደኛው ወይ ሞቷል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ሊሄድ ነው።

አልዊን ሊሄድ እንደሆነ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ሰምቻለሁ። ከሱ አፍ ሳይሆን ከባሌ እህት ከቬልማ አፍ።

«እንደፈለግክ አድርገው» አልኩት። ድምፄ እኔን ራሴን በረደኝ።

«እኔማ...» ብሎ ጀመረና ተወው። እርሳሱን ኪሱ ከተተ። «እንግዲያው መጀመሪያ እንሞክረዋለን። ሳይሞከር አይበሳም።»

ይሄ የጀልባ ቤታችን ደንብ ነው። አሮጌ እንጨት አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው፤ መልሶ እንዳልተበሳ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ቀዳዳ ከመብሳት በፊት ሁሉም ነገር በገመድ ብቻ ታስሮ አንድ እሑድ ይፈተናል። እሺ ብዬ ወጣሁ። 

*

ኤልሲን የሠራት ባሌ ሬክስ ነው፤ በእናቱ ስም የሰየማትም እሱ ነው። የሃርዊክ ቤተሰብ የፖም እርሻ ከኮረብታው ተነሥቶ ውኃው ዳር ይደርስ ነበር። እኔ የዚያ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ አልዊን ከለቃሚዎቹ አንዱ ነበር። ለለቃሚዎቹ ሻይ በባልዲ ይዤ በዛፎቹ መሃል ስሄድ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አመሰግናለሁ ሚስስ ሃርዊክ» ይለኛል። አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየኝም። በኋላ ከወሽመጡ ማዶ ወዳለው ብሩኒ ደሴት መኪና በምታሻግረው መርከብ ላይ ተቀጠረ። አገባ፣ ሚስቱ ሞተችበት፣ አንዲት ልጁን ታንያን ብቻውን አሳድጎ ዳረ።

ሬክስ ሲሞት ጀልባዋን ሸራ አልብሼ ተውኳት። እኔም ከሷ አልተሻልኩም። ትልቅ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሲኒ ብቻ ማጠብ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ሬዲዮኑን የምከፍተው ዜና ለመስማት አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነበር። አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ከአፌ የወጣ ቃል ቢኖር ዳቦ ለምትሸጠው ልጅ «አንድ ይበቃኛል» ማለቴ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን አልዊን በሬ ላይ ቆመ፤ ባርኔጣው እጁ ላይ። የእንጨት ጀልባ ከውኃ ስትርቅ ትሰነጠቃለች፣ ያሳዝናል አለኝ። የጀልባ ወሬ ብቻ መስሎኝ፣ ታዲያ ውሰዳትና አንሳፍፋት አልኩት። ብቻውን እንደማይሆንለት፣ የፊቱን ሸራ የሚይዝ ሰው እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። እንዲህ ነው የተጀመረው። ሁለት በጋ እሑድ እሑድ አብረን ወጣን፤ እሱ መሪውንና ዋናውን ሸራ፣ እኔ የፊቱን። ሚስስ ሃርዊክ ማለቱን ትቶ ኔሪዳ አለኝ፤ አንቺ አለኝ። ሳምንቴ ከእሑድ እስከ እሑድ ሆነ። ፍቅር ነው ብዬ ግን ለራሴም አልነገርኩም። በስድሳ ዓመቱ ፍቅር ያዘኝ ብሎ ሰው ለማን ያወራል?

ቬልማ ግን ሸቷታል። የፕለም ማርማላታ ይዛ መጣችና ገና ሳትቀመጥ ጀመረችው። ታንያ ታውንስቪል፣ እዚያ ሰሜን ሙቀት አገር፣ አባቷን እየጠራችው እንደሆነ፣ ከፋሲካ በኋላ እንደሚሄድ፣ ቲኬቱንም እንደቆረጠ ነገረችኝ። ከዚያ ጨመረችበት። የሃርዊክ ቤት ሴት ከአንድ ፖም ለቃሚ ጋር፣ ያውም በሟች ባሏ ጀልባ ላይ ስትታይ ሰው ምን እንደሚል አስቤ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሰው ምን ይላል?» አልኳት።

«ሰውን ምን አውቄ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ሄደ፣ ተገላገልሽ።»

ማርማላታውን ተቀበልኳት። ስትወጣ በሩን ዘግቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ብዙ ቆየሁ። ቲኬት ሲቆርጥ እንኳ አልነገረኝም። ልጠይቀው እችል ነበር፤ ከጀልባ ቤቱ እስከ እኔ ቤት አንድ ዳገት ነው። ግን ኩራቴ እራቴ ነው፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ራሱ ይንገረኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

*

የሙከራው እሑድ ደረሰ። አልዊን ገመዱ የሚያልፍበትን መዘውር የመሃል መቀመጫው ላይ በገመድ ጠፍሮ አስሮታል። ሸራው ከታች የሚታሰርበት አግድም እንጨት ድሮ የሚጎተተው ከጫፉ ነበር፤ አሁን ከወገቡ ሲጎተት እንዳይሰበር ብሎ ጫናውን ለሁለት ቦታ አካፍሎታል። ያን ጥንቃቄውን ሳይ ባሰብኝ። ሩቅ አገር የሚሄድ ባል ለሚስቱ ማገዶ ፈልጦ ከምሮ የሚሄደውን መሰለኝ።

የጀልባ ቤቱ በር ላይ መርቭ ተቀምጧል። መርቭ ጡረታ የወጣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ከፔርሙዙና ከምላሱ ሌላ ነገር ይዞ አይመጣም።

«ኔሪዳ፣ ይሄ ሰውዬ ሊገላግልሽ ነው መሰለኝ» አለ መዘውሩን እያየ። «ከእንግዲህ ለብቻሽ ነሻ።»

ቀልዱ ነው። አልዊን ግን አልሳቀም፤ አላስተባበለም። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ያን ጆሮ አይቼ፣ በቃ እውነት ነው አልኩ።

ነፋሱ ልዝብ ነበር። ወደ ደሴቱ ስንወጣ ገመዱ እንደ ምሰሶ መሃላችን ተገትሯል፤ እሱ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። ድሮ ነፋሱ ሲለሰልስ ወደ ኋላ ሸርተት ብዬ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፤ ከአንድ የፔርሙዝ ክዳን ሻይ እንጠጣ ነበር። አሁን ልጠጋ ብል ገመድ መሻገር ሊኖርብኝ ነው። ጀልባዋ አቅጣጫ በቀየረች ቁጥር አልዊን ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ይሻገራል፤ ሲሻገርም ዓይኑ ዓይኔን ይፈልጋል። እኔ ዓይኔን እጄ ላይ ጣልኩ። ካየኝ አለቅሳለሁ ብዬ ፈራሁ።

ደሴቱ ጋ ልንደርስ ስንል መሪውን ለቀቀልኝ።

«ነይ ያዢው።»

«እኔ?»

«አንቺ። እኔ የለሁም በይ። ብቻሽን ነሽ እንበል።»

ሠላሳ ዓመት ከሬክስ ጋር ስወጣ መሪ ይዤ አላውቅም፤ እሱም ያዢ ብሎኝ አያውቅም። ያዝኩት። ገመዱን ስቤ ጥርሱ ውስጥ ሳስነክሰው ኤልሲ ጎኗን ዘንበል አድርጋ ተፈተለከች። ልዋሽ አልችልም፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። አልዊን እኔ ቦታ፣ ከፊት፣ ተቀምጦ ፊቱ በራ።

«አየሽ?» አለኝ። «ማንም አያስፈልግሽም።»

ያኔ ደስታዬ እንደ ጨው ሟሟ። መሄዱ ሳያንስ ያለ እሱ እንዴት እንደምኖር ሊያስተምረኝ ነው አልኩ በሆዴ። ጀልባዋን አሸዋው ላይ እንደሳብናት፣ ፊቱን ሳላይ ተናገርኩ።

«ፍታው። ገመዱ ሬክስ እንደተወው ይሁን። ሬክስ የሠራው ላይ ቀዳዳ አይበሳም።»

ቀና ስል ባርኔጣውን አውልቆ እጁ ላይ ይዟል፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«እሺ፣ ሚስስ ሃርዊክ» አለ። «እንዳሉት ይሆናል።»

አንቱታው ከጥፊ ይልቅ አመመኝ። ዳገቱን ስወጣ ይከተለኝ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ፤ የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር።

*

ሳምንቱን በሙሉ ከታች የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል። ሻይ ይዤለት አልወረድኩም፤ እሱም ሽቅብ አልመጣም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ፍቅርም አይገባበትም ለካ።

ቅዳሜ ማንም በሌለበት ወረድኩ። ገመዱ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ አዲስ ገመድ ነው፣ ጫፉም እንዳይፈታ በቀይ ክር ተጠምጥሟል። በቀይ ክር የሚጠመጥመው ሬክስ ነበር፤ አልዊን ይሄን እንኳ አልረሳም። ቬልማ ከኔ ቀድማ አይታው ኖሮ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ ይኸው ወንድሜ እንዳስቀመጣት ሆነች ብላ መረቀችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የጠየቅሁትን ነው ያገኘሁት። ቀዩን ክር በጣቴ እየዳበስኩ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በማግሥቱ የመዝጊያው እሑድ ነበር። ወቅቱ ሲያልቅ ጀልባዎቹ ሁሉ ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ይወጣሉ፤ ከዚያ ለክረምቱ ወደ ቤት ይገባሉ። በዚያን ቀን ጓደኛውን የብስ ላይ ጥሎ የሚወጣ የለም፤ የተኳረፈም እንደተኳረፈ ይወጣል። አልዊን መጣ። ሻንጣው ተሸክፎ እንዳለቀ፣ ማክሰኞ እንደሚሄድ ለመርቭ ሲነግረው ሰማሁ። እኔን «እንደምን አደሩ» ብቻ ነው ያለኝ።

የደቡቡ ነፋስ ተነሥቶ ነበር፤ ያ ከበረዶው አገር የሚመጣው፣ ሹራብ የማይመልሰው። ከሌሎቹ ጋር ወጣን። የመጀመሪያውን ስንዞር፣ ገመዱ ከኋላ ነውና፣ አልዊን እንደ ድሮው ፊቱን ወደ ጭራው አዙሮ ተሻገረ። እኔ ከፊት ሆኜ ጀርባውን አየሁ።

ጀርባ ብቻ። ሠላሳ ዓመት ሬክስንም እንዲሁ ነበር የማየው። አስከፍቶኝ አያውቅም፤ ሌላ ነገር አላውቅማ። አሁን ግን አንድ እሑድ፣ በእያንዳንዱ መዞሪያ፣ የሰው ፊት ወደ እኔ መጥቷል። እኔ ደግሞ ያን ፊት ትቼ ጣቶቼን ስመለከት ዋልኩ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ አልኩ።

እንባዬ መጣ። ጀርባውን ሲሰጠኝ አለቀስኩ፤ ተሻግሮ ፊቱን ሲመልስ ጠርጌ ጠበቅሁት። ሁለተኛም ስንዞር እንዲሁ። ለማልቀስ የተፈቀደልኝ እሱ ዞሮ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነበር፤ ለጊዜው ይበቃኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን ዓይኔ ሞልቶ የፊቱን ሸራ መልቀቅ ረሳሁ። ሁለቱ ሸራዎች እርስ በርስ ተገፋፉና ጀልባዋ ማዕበሉ መሃል ቀጥ ብላ ቆመች።

«ልቀቂ...» ብሎ ዞረና አየኝ። ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። «ኔሪዳ።»

አልለቀቅሁትም። ከለቀቅሁት ጀልባዋ ትሄዳለች፤ ጀልባዋ ከሄደች የብስ ይደረሳል፤ የብስ ከተደረሰ ማክሰኞ ይመጣል።

«ለምንድነው ከመሃል የፈለግከው?» አልኩት።

ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጀልባዋ በዞረች ቁጥር ጀርባዬን እሰጥሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዞሬ ስመለስ አንቺ ወደ ፊት እያየሽ ነው። ከመሃል ከሆነ ግን ፊቴን ወደ አንቺ አድርጌ ነው የምሻገረው። ላይሽ ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ይሄን መርቭ ፊት ልናገረው?»

ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

«"እኔ የለሁም በይ" አላልከኝም? "ማንም አያስፈልግሽም" አላልከኝም? ልትሄድ ስለሆነ ብቻዬን እንድወጣ እያዘጋጀኸኝ መስሎኝ ነው እኮ።»

«ሬክስ መሪ አስይዞሽ እንደማያውቅ አውቅ ነበር። እንደምትችዪ እንድታዪው ብዬ ነው። ከዚያ "ሬክስ እንደተወው ይሁን" ስትዪኝ... ቦታው ተይዟል፣ አንተ ለቃሚ ነህ፣ ወደ ቦታህ ተመለስ ያልሽኝ መሰለኝ።»

«ከኋላ ይሁን ያልኩት ለሬክስ ብዬ ነው?» አልኩት፤ አሁን ድምፄን መግራት አቃተኝ። «ገመዱ መሃል ከገባ መሃላችን ገባ ማለት ነው። አጠገብህ መቀመጫ እንዳላጣ ብዬ ነው አንተ ሰውዬ።»

እንደዚህ ነን እንግዲህ። አንድ ገመድ፣ እሱ ሊያየኝ መሃል ይሁን ይላል፤ እኔ ልጠጋው ኋላ ይሁን እላለሁ፤ ሁለታችንም እንደ ተባረረ ሰው አንገታችንን ደፍተን ወደ ባዶ ቤታችን እንገባለን። ነፋሱ ፊታችን ላይ ውኃ ይረጫል፤ የትኛው የባሕሩ የትኛው የኔ እንደሆነ አልለይም።

«ትሄዳለህ?» አልኩት።

«እሄዳለሁ።» ዓይኑን አልነቀለም። ታንያ ጀርባዋን ቀዶ ጥገና ልታደርግ እንደሆነ፣ ባሏ ማዕድን ማውጫ ስለሚሠራ ወር እየቆየ እንደሚመጣ፣ ሁለቱን ሕፃናት የሚይዝ ሰው እንደሌላት ነገረኝ። ገመዱን በየት ላምጣ ብሎ የጠየቀኝ ቀን ይሄን ሁሉ ሊነግረኝ እንደነበር፣ እኔ «እንደፈለግክ» ስለው ወኔው እንደከዳው ነገረኝ። «ቃል ገብቻለሁ ኔሪዳ። ክረምቱን እዚያ ነኝ። ከዚያ በኋላ ግን... እንጃ። ታንያ እዚያው ቅር ትለኛለች። እዚህ ማንም ተመለስ ብሎኝ አያውቅም።»

ይቺን ቃል ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። የሰውዬው ሕይወት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ባርኔጣው፣ ባልዲው፣ ከሰው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው። ኩራቴን ያን ጊዜ ባሕር ጣልኩት።

«እኔ እልሃለሁ» አልኩት። «ተመለስ።»

እጁን ዘርግቶ የኔን እጅ ከነገመዱ ያዘው። ከሩቅ መርቭ ከጀልባው ላይ ሆኖ፣ ምሳችሁን እዚያው ልትበሉ ነው ወይ እያለ ይጮሃል። ከስንት ጊዜ በኋላ ብርዱ የተወኝ ያኔ ነው።

*

ሰኞ ጠዋት መሰርሰሪያውን ይዤ ወረድኩ። አልዊን ልሥራው ቢለኝ እንቢ አልኩ። ሬክስ የሠራውን የሚበሳ እጅ የኔ መሆን ነበረበት፤ እሱ ሳንቃውን ከሥር ደግፎ ያዘልኝ።

ገና ሳልጀምር ቬልማ ደረሰች። መርቭ ነው የነገራት፤ ሌላ ማን ሊሆን።

«የእናቴ ስም ያለባትን ጀልባ ልትበሺ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ወንድሜ ቢያይሽ ምን ይል ነበር?»

«ወንድምሽን እወደው ነበር ቬልማ» አልኳት። «ሠላሳ ዓመት ጀርባውን ሳይ ኖሬ እወደው ነበር። አሁን ፊት ማየት አማረኝ። የቀረችኝ ዕድሜ ይሄን ያህል ናት።»

ቬልማ ግን አልሄደችም። መሰርሰሪያውን ሳንቃው ላይ ተከልኩና ገፋሁ። ያ መቀመጫ የሁዮን ጥድ የሚባል፣ ሽታው ደስ የሚል የአገራችን እንጨት ነው፤ ስንት ዓመት ቀለም ከላዩ ተቀብቶ ሽታው ጠፍቶ ነበር። ብረቱ ሲገባ ሽታው እንዳለ ወጣ። ሬክስ ሸሚዙን አውልቆ በዚሁ ቤት ሳንቃውን ሲልግ፣ እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ፣ ኋላ በሕፃንነቱ የሞተውን ልጃችንን በሆዴ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሳየው የነበረው ቀን መጣብኝ። በሬክስ ቀብር ቀን ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩ። አልዊን ሳንቃውን እንደደገፈ ጠበቀኝ፤ አይዞሽም አላለኝም፤ ደግ አደረገ።

ቬልማ ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ አንድ ፍቅፋቂ አነሳች። አሸተተችው። መሐረቧን አውጥታ ውስጡ ጠቀለለችውና፣ ማንንም ሳታይ ወጣች።

በማግሥቱ አውቶቡሱ ሲመጣ ፌርማታው ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ምን እንደምንባባል አላወቅንም። ሻንጣውን ካስጫነ በኋላ ተመልሶ መጣና ባርኔጣውን አወለቀ። እንደ ድሮው ነው ያወለቀው፤ ግን በዚህኛው ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥ ብሎ፣ ሳይፈራ፣ ሾፌሩ ጡሩንባ እስኪነፋበት ድረስ አየኝ። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም ፊቴን ወዴት እንደማደርገው ጠፍቶኝ እዚያው ቆሜ ነበር።

*

ክረምት ላይ ባሕር የሚወጣ ብዙ ሰው የለም። እኔ ግን ነፋሱ ሲራራልኝ ኤልሲን አውጥቼ እሄዳለሁ። መርቭ ጀልባዋን ወደ ውኃው ሲገፋልኝ አይቀልድም። መሃል መዘውሩ አለ፣ ባለጥርሱ ብረት ገመዱን ይነክሳል፣ እጄ ነፃ ይሆናል። እንዳለኝ ነው፤ ማንም አያስፈልገኝም። እችላለሁ። መቻል ግን ብርድ አያስጥልም፤ መሃል ባሕር ላይ ሆኜ ሻይ ስቀዳ ክዳኑን ወደ ፊት ልዘረጋ እየዳዳኝ እመልሰዋለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው መዞሩ ነው። ገመዱ ከመሃል ስለሆነ ስሻገር ፊቴ ወደ ፊት ነው፤ በሙከራው እሑድ እሱ ተቀምጦበት ወደነበረው ባዶ ሳንቃ። ድሮ ከሬክስ ጋር በዞርን ቁጥር አንድ ሰው ጀርባውን ይሰጠኝ ነበር፤ አሁን የሌለ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጥልኛል። እሑድ እየጠበቅሁ የምወጣው ለዚህ እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም።

እሑድ አመሻሽ ላይ ስልክ ይደውላል። ታንያ ለመራመድ እየሞከረች ነው፤ ሐኪሞቹ ገና ብዙ ይቀራታል ብለዋል። ትንሿ ልጅ ያለ እሱ አልተኛም ብላለች። መቼ እንደሚመጣ አይነግረኝም፤ የማያውቀውን ተስፋ የሚሰጥ ሰው አይደለም። እኔም አልጠይቀውም፤ ተመለስ ያልኩት ቃል ከኔ ጋር ሳይሆን ከሱ ጋር ነው ያለው። ስለ ነፋሱ ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ። አግድሙ እንጨት ይንቃቃል ወይ ይለኛል፣ አይንቃቃም እለዋለሁ። ከበስተኋላው የልጆች ጩኸት ይሰማል፤ ከኔ በስተኋላ ሬዲዮኑ ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ ልንሰነባበት ነበር።

«ኔሪዳ» አለ። «ስትዞሪ ምን ታያለሽ?»

አሰብኩ። ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም።

«ቦታህን» አልኩት።

ከዚያ በኋላ እሱም አልተናገረም፣ እኔም አልተናገርኩም። ስልኩን ግን አንዳችንም አልዘጋንም።